ፀሐይ በሞላበት አገር ፀሐይ ስላጡ ሕፃናት
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



በዛሬው በዓል ላይ ንግግር እንድናደርግ ዕድል በተሰጠን ጊዜ፣ እኛ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስለ ምን እንናገር ብለን ሁለት ቀን ሙሉ ተከራከርን። አንዳንዶቻችን ስለ ጨረቃ ጉዞ ይሁን አልን፤ አንዳንዶቻችን ስለ ኤሌክትሪክ ኃይል ይሁን አልን። በመጨረሻ ግን ከትምህርት ቤታችን አጥር ማዶ ያየነው አንድ ነገር ክርክሩን ቆረጠው። ስለዚህ ንግግራችን ስለ ፀሐይ ነው፤ ይኸውም ፀሐይ በሕፃናት አጥንት ውስጥ ስለምትሠራው ሥራ ነው። ጉዳዩ እናቶቻችንን የሚነካ ስለ ሆነ፣ ልጅ እናቱን ሊያስተምር ተነሣ ተብሎ ድፍረት እንዳይቈጠርብን አስቀድመን ይቅርታ እንጠይቃለን። የምንጠቅሳቸውም ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ከአጥራችን ጀርባ፣ በአንዲት ጠባብ የኪራይ ቤት ውስጥ፣ ቆሎ እየሸጠች የምትኖር አንዲት እናት አለች። ስሟን አንጠራም፤ ታሪኩን እንድንናገር ግን ፈቅዳልናለች። ቆሎ ልንገዛ በሄድን ቁጥር፣ ሁለት ዓመት ያለፈው ወንድ ልጅዋ ከጓዳው አልጋ ላይ በጋቢ ተጠቅልሎ ተቀምጦ እናየው ነበር። የቤቱ መስኮት አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም በጨርቅ የተሸፈነ ነው። ልጁ ግድግዳ ይዞ በተነሣ ጊዜ እግሮቹ ወደ ውጭ ተለጥጠው ቅስት ይሠራሉ። ከእኛ መካከል አንዱ፣ ማን እንደ ሆነ እዚህ ላይ መናገር አያስፈልግም፣ «ደጋን» የሚል ስም አወጣለት። እኛም ሁላችን እየሳቅን ስሙን ተቀበልነው። በሕይወት ሳይንስ ትምህርት ስለ አጥንት ፈተና ወስደን ጥሩ ማርክ ያገኘነውም በዚያው ወራት ነበር።

በክረምት ልጁ በብርቱ ሳል ታመመ። እናቱ አዝላው ወደ ጤና ጣቢያ በሄደች ጊዜ፣ የተቀበለቻት ነርስ ደረቱን ብቻ አዳምጣ አልተወችም። የእጁን አንጓ ጨበጥ አድርጋ ማበጡን አየች፤ በጎድኑ ላይ ጣቷን አሳለፈች፤ ራሱንም ዳሰሰች። ከዚያም፣ «እኅቴ፣ ይህን ልጅ ፀሐይ ታሞቂዋለሽ ወይ?» ብላ ጠየቀቻት። እናቲቱም፣ «ኧረ ምን በወጣኝ! በሰው ዓይንና በምች ላስመታው? እኔስ ከተወለደ ጀምሮ ነፋስ እንኳ አላስነካሁትም» ብላ በኩራት መለሰች። ይህንን ያጫወተችን ራሷ ናት። እንደ ነገረችን፣ በዚያ ሰዓት ነርሷ ታመሰግነኛለች ብላ ትጠብቅ ነበር።

በሽታው ሪኬትስ ይባላል። የሚመጣውም አብዛኛውን ጊዜ ቪታሚን ዲ የተባለው ነገር ከሰውነት ሲጐድል ነው። ይህን ለመረዳት የጭቃ ቤት አሠራር ማሰብ ይበቃል። ማገሩና ግድግዳው ከቆመ በኋላ ጭቃው ካልተመረገበት ቤቱ ይወላገዳል። የልጅ አጥንትም እንዲሁ በመጀመሪያ በለስላሳ ነገር ተዋቅሮ፣ በኋላ ካልሲየምና ፎስፎረስ ሲመረግበት ይጠነክራል። ካልሲየም በምግባችን ውስጥ አለ፤ ጤፋችን እንኳ ከብዙዎቹ እህሎች ይልቅ በካልሲየም የበለጸገ ነው። ዳሩ ግን ካልሲየሙን ከአንጀት ወደ ደም በሚገባ የሚያሻግረው ቪታሚን ዲ ስለ ሆነ፣ እርሱ ከሌለ ምግቡ ቢበላም አብዛኛው ካልሲየም ሳይጠቅም ይወጣል። ጭቃው ከደጅ ተቦክቶ ሳለ የሚያቀብል ሠራተኛ ጠፋ እንደ ማለት ነው።

ይህ ሠራተኛ ከወዴት ይመጣል ቢሉ፣ አብዛኛው ከቆዳችን ነው። ከፀሐይ ብርሃን ጋራ ለዓይን የማይታይ፣ አልትራቫዮሌት የሚባል ጨረር አለ። ይህ ጨረር ቆዳን ሲነካ፣ በቆዳ ውስጥ ያለውን አንድ ዓይነት ቅባት መሰል ነገር ወደ ቪታሚን ዲ ይለውጠዋል። ከዚያም በጉበትና በኩላሊት አልፎ ለሥራ ዝግጁ ይሆናል። ከምግብ የሚገኘው ጥቂት ነው፤ በቅባታም ዓሣ፣ በዓሣ ጉበት ዘይት፣ በመጠኑም በእንቁላል አስኳልና በጉበት ውስጥ ይገኛል። በእንጀራና በሽሮ ውስጥ የለም። የእናት ጡት ወተትም ለሕፃን የሚወዳደረው የሌለ ምግብ ሲሆን፣ በዚህ በአንዱ ነገር ግን ድሀ ነው፤ ይልቁንም እናቲቱ ራሷ ፀሐይ ሳታገኝ ከቆየች።

ምልክቶቹን ወላጆች ሁሉ ቢያውቁአቸው መልካም ነው። የሕፃኑ እርግብግቢት በጊዜው አይገጥምም፤ ጥርሱ ይዘገያል፤ ከመጠን በላይ ያልበዋል፤ ይነጫነጫል። የእጁ አንጓ ያብጣል። በጎድኑ ላይ፣ አጥንቱ ከልምጩ ጋራ በሚገናኝበት ስፍራ፣ እንደ መቁጠሪያ ዶቃ ተራ በተራ የተደረደሩ እብጠቶች ይወጣሉ። መሄድ ይዘገያል፤ በቆመም ጊዜ የሰውነቱ ክብደት ለስላሳውን እግር ያጎብጠዋል። ሴት ልጅ ስትሆን ደግሞ ጉዳቱ ሃያ ዓመት ቆይቶ ሊመጣ ይችላል፤ የዳሌዋ አጥንት ጠብቦ ካደገ በወሊድ ጊዜ ሕፃኑን አያሳልፍም። በስኮትላንድ፣ በግላስጎው ከተማ፣ ሙርዶክ ካሜሮን የተባለው ሐኪም በ1888 ሆድ ቀድዶ ማዋለድን በሰፊው የጀመረው፣ በሪኬትስ ዳሌያቸው የተበላሸ ሴቶች ስለ በዙበት ነው።

እንግዲህ ይህን በሽታ ዓለም ከየት አወቀው? በእንግሊዝ አገር ፍራንሲስ ግሊሰን የተባለ ሐኪም በ1650 ስለ ሪኬትስ ሰፊ መጽሐፍ ጻፈ። በኋላም ፋብሪካ ሲበዛ፣ የከሰል ጢስ ሰማዩን ሲሸፍነው፣ ሠራተኛውም ሕዝብ በጠባብ መንገድ ዳር በተደራረበ ቤት ሲኖር፣ በሽታው እጅግ ስለ ተስፋፋ በሌሎች የአውሮፓ አገሮች «የእንግሊዝ በሽታ» ይሉት ጀመር። ምክንያቱን ግን የሚያውቅ አልነበረም። አንዱ የምግብ ነው ይላል፤ ሌላው የመጥፎ አየር ነው ይላል።

በሚስዮን ትምህርት ቤት ለተማርነው ለእኛ ልዩ ደስታ የሚሰጠን የቴዎባልድ ፓልም ነገር ነው። ይህ ሰው በጃፓን አገር ለብዙ ጊዜ በሚስዮናዊ ሐኪምነት ሲሠራ ሪኬትስ የሚባል ነገር አላየም ነበር። ወደ እንግሊዝ በተመለሰ ጊዜ ግን እግራቸው የጎበጠ ሕፃናት በየመንገዱ አገኘ። ስለዚህ ምን አደረገ? በቻይና፣ በሕንድና በሌሎችም አገሮች ለሚሠሩት ሚስዮናውያን ሐኪሞች እየጻፈ፣ «በእናንተ ዘንድ ይህ በሽታ አለ ወይ?» ብሎ ጠየቃቸው። መልሱን ሰብስቦ ቢያይ፣ ድሀና ቈሻሻ በሆኑት ብዙ አገሮች፣ ፀሐይ እስካለ ድረስ፣ በሽታው እምብዛም የለም፤ ሀብታምና ጢሳም በሆኑት ከተሞች ግን ሞልቷል። በ1890 የጐደለው ፀሐይ ነው ብሎ ጻፈ። ሕፃናቱም በፀሐይ እንዲታጠቡ መከረ። ላቦራቶሪ አልነበረውም፤ የነበረው ብዕርና ቴምብር ነው። እንዲህም ሆኖ ለሠላሳ ዓመት ያህል ቃሉን ልብ ያለው ጥቂት ሰው ብቻ ነበር፤ ይህ እኛን ያሳዝነናል።

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነገሩ በአንድ ጊዜ በሁለት በር ተከፈተ። በ1919 በበርሊን ኩርት ሁልድሺንስኪ የተባለ ሐኪም ሪኬትስ የያዛቸውን ሕፃናት አልትራቫዮሌት በሚሰጥ የሜርኩሪ መብራት ፊት አስቀምጦ አዳናቸው። የአንድ ልጅ አንዱን ክንድ ብቻ ለመብራቱ ቢያጋልጥ የሌላው ክንድ አጥንት አብሮ ዳነ፤ ስለዚህ ብርሃኑ በቆዳ ላይ የሚሠራው መድኃኒት በደም የሚዞር መሆኑ ታወቀ። በዚያው ዘመን በእንግሊዝ ኤድዋርድ ሜላንቢ ቡችሎችን ከቤት ሳያወጣ አጃ እየመገበ ሪኬትስ አስያዛቸው፤ በዓሣ ጉበት ዘይትም አዳናቸው። አሜሪካዊው ማካለም በ1922 በዘይቱ ውስጥ ያለው መድኃኒት ከቪታሚን ኤ የተለየ መሆኑን አስረድቶ፣ አራተኛ ስለ ሆነ «ዲ» የተባለው ስም ወጣለት። በረኃብ በተጎዳችው በቪየና ከተማም ሐሪየት ቺክ የተባለች ሊቅ ከባልደረቦችዋ ጋራ፣ ፀሐይም ሆነ የዓሣ ዘይት ያንኑ በሽታ እንደሚያድን በሕፃናት ሆስፒታል አረጋገጠች። ጀርመናዊው አዶልፍ ቪንዳውስ በዚህ ዓይነቱ ምርምር በ1928 የኖቤል ሽልማት አገኘ። ከዚያ ወዲህ አሜሪካ ወተቷን በቪታሚን ዲ ማበልጸግ ጀመረች፤ እንግሊዝም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለሕፃናት የዓሣ ጉበት ዘይት አደለች። አያቶቻቸው አፍንጫቸውን ይዘው ይጠጡት እንደ ነበር ይነገራል፤ እኛም አንድ ጊዜ ቀምሰነው አንፈርድባቸውም።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ፣ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የምትገኝ ስትሆን፣ በዚህ ከፍታ ጨረሩ ከቆላው ይልቅ የበረታ ነው። አገራችንንም ለጎብኚዎች ስናስተዋውቅ «የ13 ወር ፀሐይ» እንል ነበር። ለንደን በጢስ ስለ ተሸፈነች ልጆቿ ጎበጡ ቢባል ይገባናል፤ የእኛ ልጆች ስለ ምን ይጎብጣሉ?

በአዲስ አበባ በኢትዮ ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል የተደረገና በ1997 የታተመ አንድ ምርመራ አለ። ሐኪሞቹ በሳምባ ምች የታመሙ 500 ሕፃናትን፣ በሳምባ ምች ካልታመሙ ሌሎች 500 ሕፃናት ጋራ አመዛዘኑ። ከታመሙት መካከል ሪኬትስ የተገኘባቸው 210 ናቸው። ካልታመሙት መካከል ግን 20 ብቻ ናቸው። ሌላውን ምክንያት ሁሉ በሒሳብ ከለዩ በኋላም፣ በሳምባ ምች በታመሙት ዘንድ ሪኬትስ 13 ጊዜ ያህል የበለጠ ሆኖ ተገኘ። የጎድኑ አጥንት የለሰለሰ ልጅ አየር ሲስብ ደረቱ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል እንጂ እንደሚገባ አይነፋም፤ አክታውንም በሳል አውጥቶ መጣል ያቅተዋል።

የተከበራችሁ ወላጆች፣ እዚህ ላይ የቋንቋችንን አንድ ነገር እንድታስተውሉ እንለምናለን። እናቶቻችን ልጃቸውን ከፀሐይ የሚደብቁት «ምች እንዳይመታው» ብለው ነው። ሐኪሞች ደግሞ ያንን ገዳይ በሽታ «የሳምባ ምች» ብለው ይጠሩታል። እንግዲህ ከአንደኛው ምች ለማዳን በጓዳ የተሸሸገው ልጅ፣ በሁለተኛው ምች ይያዛል ማለት ነው። የቆሎ ሻጯን ልጅ ሳል ያመጣውም ይኸው ነበር። እርሷ ከሰፈሩ እናቶች ሁሉ ይልቅ ለልጅዋ የምትጠነቀቅ ሴት ናት፤ የጎዳውም ቸልተኝነቷ ሳይሆን ጥንቃቄዋ ነው። እኛ ስንስቅ የነበረው ከመጠን ባለፈ ፍቅር ላይ ነበር።

አራስ ቤት መቆየትን ልንነቅፍ አልተነሣንም። ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ክርስትና እስኪነሡ ድረስ እናትና ልጅ ከቤት አይወጡም፤ ይህ ልማድ እናቲቱን ከሥራ አሳርፎ ከብዙ ነገር ይጠብቃታል። ነገር ግን ግቢውም ቤት ነው። ከአጥሩ ሳይወጡ፣ ነፋስ በማይነካበት በግድግዳው ጥግ፣ የሕፃኑን እጅና እግር ገልጦ ጥቂት ጊዜ ፀሐይ ማሞቅ ይቻላል። የሰው ዓይን የሚፈራ ቢኖር ሰው በሌለበት ሰዓት ያውጣው፤ ከዚህ ላይ ክርክር አንገጥምም። አያቶቻችን ራሳቸው ልጅ ቅባት ቀብተው ፀሐይ ያሞቁ ነበር። በገጠር ያለው ሕፃን ዛሬም በእናቱ ጀርባ ላይ ሆኖ ገበያና ወንዝ ሲሄድ ፀሐይ ያገኛል። በከተማ ግን ግቢ የሌለው ቤት፣ ከላይም ደረጃው የረዘመ ፎቅ፣ ሠራተኛ እናትና ሞግዚት ሲጨመሩበት ልጁ የሚወጣበት ሰዓት ይጠፋል።

ስለ ሰዓቱ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ማለዳ ገና ፀሐይዋ ስትወጣ ጨረሩ ደካማ ነው፤ ብርሃኑ ይሞቃል እንጂ ቪታሚን ዲ እምብዛም አይሠራም። ምልክቱ ጥላ ነው፦ ጥላህ ከቁመትህ የረዘመ ከሆነ ጨረሩ ጥቂት ነው፤ ከቁመትህ ካጠረ በርትቷል። የቀትሩ ግን የሕፃኑን ቆዳ ሊያቃጥል ስለሚችል፣ በመካከሉ ያለው የረፋድ ጊዜ ይመረጣል፤ ጥቂት ደቂቃ እንጂ ረጅም ሰዓት አያስፈልግም። በመስኮት መስተዋት በኩል የሚገባው ብርሃን ለዚህ ሥራ አይጠቅምም፤ መስተዋቱ የሚፈለገውን ጨረር ያስቀረዋልና። በፎጣ ተጠቅልሎ ፊቱ ብቻ የሚታይ ልጅም ብዙ አያገኝም። ቆዳቸው ጠቈር ላለው ለእኛ ሜላኒን የሚባለው ቀለም ጨረሩን ስለሚከላከል፣ ከፈረንጆቹ ይልቅ ረዘም ያለ ጊዜ ያስፈልገናል። ይህ ሁሉ ግን ነጭ ሆነው የተወለዱትን ወንድሞቻችንንና እኅቶቻችንን አይመለከትም፤ እነርሱን ፀሐይ ክፉኛ ስለሚጎዳቸው ቪታሚኑን ከሐኪም ይቀበሉ። ሐኪሞች ለሕፃን በቀን 400 ዩኒት የሚሆን ጠብታ ያዝዛሉ። ከመጠን በላይ መስጠትም መርዝ ነው፤ በ1950ዎቹ በእንግሊዝ የሕፃናት ምግብ ከሚገባው በላይ በቪታሚን ዲ ስለ በለጸገ በደማቸው ካልሲየም የበዛባቸው ሕፃናት ታይተዋል።

ወደ ውጭ አገር የሄዱት ወገኖቻችን ነገርም አለ። ወደ እስራኤል የገቡ ኢትዮጵያውያት ሴቶች ተመርምረው በብዙዎቹ ዘንድ የዚህ ቪታሚን ጉድለት መገኘቱ በ1995 ታትሟል። በባሕረ ሰላጤው ዐረብ አገሮችም ሕዝቡ ከሙቀቱ ሸሽቶ በቤት ስለሚውልና ሰውነቱን ስለሚሸፍን ጉድለቱ ብዙ ነው፤ ከቤት ሳይወጡ የሚሠሩ እኅቶቻችን ይህን ቢያውቁ እንወዳለን።

አሁን ደግሞ ስለ ራሳችን እንናገር፤ ጉዳዩ የሕፃን ብቻ የመሰላቸው ጓደኞቻችን ፈገግ ሲሉ እያየናቸው ነውና። በ2015 በታተመ ምርመራ፣ በአዳማ ከተማና በአካባቢው ገጠር የሚማሩ ከ11 እስከ 18 ዓመት የሆናቸው 174 ተማሪዎች ደማቸው ታየ። ከመቶው 42 ቪታሚን ዲ የጐደላቸው ሆኑ። በገጠር ከሚማሩት 21 ከመቶ ሲሆን፣ በከተማ ከሚማሩት ግን 62 ከመቶ ያህል ነው! ከብት እየጠበቀ፣ በእግሩ ረጅም መንገድ እየተጓዘ የሚማረው የገጠር ልጅ፣ በቤቱ ቴሌቪዥንና ኮምፒዩተር ካለው የከተማ ልጅ በዚህ በልጦ ተገኘ። እኛ አዳሪዎቹ ከመኝታ ቤት ወደ ክፍል፣ ከክፍል ወደ ምግብ አዳራሽ፣ ከዚያም ወደ ቤተ መጻሕፍት እንሄዳለን። አንድ ሳምንት ሙሉ ደቂቃውን ቈጥረን ስንጽፍ፣ ከክፍላችን አንዳንዱ ተማሪ በቀን ከሩብ ሰዓት ያነሰ ፀሐይ ሲያገኝ አየን። ሹራብና ካፖርት ለብሶ መሆኑንም አንርሳ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማረም ይገባናል። የመጀመሪያውን ረቂቅ ስንጽፍ፣ ቪታሚን ዲ ነቀርሳንም የልብ በሽታንም ይከለክላል ብለን በድፍረት ጽፈን ነበር፤ በየጋዜጣው ይባላልና። መምህራችን መልሰው ሰጡንና እንድናጣራ አዘዙን። ብናጣራ፣ በአሜሪካ 25,871 ሰዎች የተካፈሉበት ታላቅ ምርመራ ውጤቱ በ2018 ሲገለጥ፣ ቪታሚኑን በየቀኑ መዋጥ ነቀርሳም የልብ በሽታም እንዳይይዝ አላደረገም። ስለዚህ ያንን አንቀጽ ሰረዝነው። የአጥንቱ ነገር ግን ያልተሰረዘ ነው፤ በትልልቅ ሰዎችም ጉድለቱ ሲበዛ አጥንት ይለሰልሳል፣ ጡንቻም ይደክማል፣ ከመቀመጫ ለመነሣትም ያስቸግራል።

ልጁ ምን ሆነ ትሉ ይሆናል። ሳሉ በመድኃኒት ዳነ። ጠብታም ታዘዘለት፤ እናቱም የቆሎውን መደብ ከጓዳው በር ወደ አጥሩ ጥግ አዛውራ ከጎኗ ታስቀምጠው ጀመር፤ በመጀመሪያው ሳምንት በአንገቱ ክታብ አስራለት ነበር፤ ነርሷም አልተቃወመችም። ከስድስት ወር በኋላ ግድግዳ ሳይዝ ሄደ። እግሩ ገና አልተቃናም፤ በዚህ ዕድሜ ከሆነ እያደገ ሲሄድ ቀስ በቀስ ሊቃና እንደሚችል ተነግሯታል። እኛ ያወጣንለት ስም ግን ከእኛ አልፎ በሰፈሩ ልጆች አፍ ገብቷል። ለመሰረዝ ብንሞክርም እስከ ዛሬ አልተቻለንም፤ በቀደም ዕለት አንዲት ሕፃን በዚያው ስም ስትጠራው ሰማን፤ እርሱም ስሙ መስሎት «አቤት!» አላት።

 የበዓሉ ሻይ በልማድ በአዳራሹ ውስጥ ይቀርብ ነበር፤ ዘንድሮ ግን በክፍላችን ልመና፣ በርእሰ መምህራችንም መልካም ፈቃድ፣ በሜዳው ላይ ተዘጋጅቷል። ለአረጋውያን በዋርካው ሥር ወንበር አለ። ሕፃናት ያላችሁ እናቶች ግን በስተምሥራቅ ባለው ግድግዳ ጥግ ነፋስ ስለሌለ ምንጣፍ አንጥፈንላችኋል፤ አሁን ሰዓቱ አራት ተኩል ስለ ሆነ ጥላችን ከቁመታችን አጥሯል።